አለ፣ ትንሽ አለ፣ የለም፦ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበብ ዘገባ ሲባል ስንት አባል ተመዘገበ፣ ስንት ስብሰባ ተደረገ የሚለው ይጠበቃል። እሱን በአጭሩ ልገላገለው። መስከረም ላይ 31 ተማሪ ተመዘገበ። ጥር ላይ 14 ቀረን። ሰኔም ያገኘን 14 ሆነን ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፊዚክስ ላብራቶሪ እንገናኛለን፤ መብራት ሲጠፋ በረንዳ ላይ።

ዘንድሮ የያዝነው ጉዳይ ሰውና ማሽን እንዴት ይግባባሉ የሚለው ነበር። ዕቃው መሥራቱ ብቻ አይበቃም። የሚጠቀምበት ሰው ሲያየው ምን ይገባዋል? ሲነካው ምን ግራ ያጋባዋል? መሣሪያችን አርዱዊኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢጣሊያ ውስጥ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ፣ ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ የዲዛይን ተማሪዎች ታስቦ የተጀመረ፣ ፕሮግራም ተጭኖበት መብራትና ሞተር የሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ስሙን ያገኘው እዚያው ከተማ ከነበረ መጠጥ ቤት ነው። ይህን የነገርኳቸው ቀን ሌላ ትምህርት አልተሰጠም። ሰሌዳዎቹንና ሴንሰሮቹን (ድምፅን፣ ርቀትን የሚለኩትን ዕቃዎች) ከመርካቶ ገዛን። ሽቦና ትንንሽ ሞተር ደግሞ ከተጣሉ ሬዲዮኖችና ከሞቱ ሞባይሎች ፈታን።

የመጀመሪያውን ወር ኤሌክትሪክ አልነካንም። ካርቶን፣ መቀስና እስክሪብቶ ብቻ። ቁልፉን በወረቀት ሥሉ፣ ለጓደኛ አሳዩ፣ የት እንደሚጫን እዩ አልኳቸው። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የኬጂ ሥራ ነው» ተባልኩ። ከ31ዱ ብዙዎቹ የሄዱት ያኔ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የተሠራው «የዝምታ መብራት» ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጫጫታ ሲበዛ የድምፅ ሴንሰሩ ይሰማና ቀይ መብራት ያበራል። ሐሳቡ መብራቱን ያየ ሰው ዝም ይላል የሚል ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። 9ኛ ክፍሎች መብራቱን ማን ያበራዋል ብለው ውድድር ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ራሳቸው ነቅለው አመጡልን።

ሁለተኛው ለዓይነ ስውራን የታሰበ ዱላ ነው። እንቅፋት ሲቀርብ የሞባይል ሞተር መያዣውን ያንቀጠቅጠዋል። የ11ኛ ክፍል ዓይነ ስውር ተማሪያችን ኮሪደር ውስጥ ሞከረው። ዱላው ለአፍታ እንኳ አላረፈም፤ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነበር። «መሬቱንማ የራሴ ዱላ ይነግረኛል» አለን። «እኔን የሚመታኝ ከላይ ያለው ነው። የተከፈተ መስኮት፣ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ።» ልጆቹ ሴንሰሩን ወደ ላይ አዘነበሉት። ወር ሙሉ የለፋንበት ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ተቃና። ሳንጠይቀው መጀመራችን እስካሁን ያሳፍረኛል።

አሁን ወደ ሮቶው ልምጣ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጥበቃችን ጋሼ በየጠዋቱ መሰላል ወጥተው ክዳኑን ከፍተው ያያሉ። ልጆቹ ክዳኑ ላይ ወደ ታች የሚያይ የአልትራሳውንድ ሴንሰር ገጠሙ። ሴንሰሩ ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ውሃው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከፈጀው ጊዜ ርቀቱ ይሰላል። በመጀመሪያው ሙከራ ሮቶው ከራሱ ቁመት በእጥፍ የሚጠልቅ ሆኖ ተገኘ። መሄጃና መመለሻውን ለሁለት ማካፈል ተረስቶ ነው። ፕሮግራሙን የጻፉት ሁለቱ ልጆች የዚህን ዓይነት ጥያቄ በፊዚክስ ፈተና ላይ በትክክል መልሰዋል። እኔው ነኝ ያረምኩት።

ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ሁለት መብራት አደረግን። አረንጓዴ ከሆነ ውሃ አለ፣ ቀይ ከሆነ አልቋል። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም ብለን ነበር። በሳምንቱ ውሃው አለቀ፤ የነገረን ግን የለም። ጋሼን ብንጠይቃቸው ቀዩን መብራት ከጠዋት ጀምሮ አይተውታል። «በርቷል እኮ! እየሠራ ነው ብዬ ነዋ» አሉ። ቤታቸው ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ቀይ መብራቱ ሲበራ እየጋለ ነው ማለት ነው። ማከፋፈያውም ቀይ ከበራ ኤሌክትሪክ አለው። ታዲያ የእኛ ቀይ በምን ሒሳብ ሌላ ይሆናል?

አንዱ ተማሪ ሪፖርቱ ላይ «ተጠቃሚው አልገባቸውም» ብሎ ጻፈ። ሪፖርቱን መለስኩለት። «አልገለጽንላቸውም» ብሎ እስኪያስተካክለው አልተቀበልኩም። አኩርፎ ነበር፤ አሁን ታርቀናል።

በቃል እንጻፈው ተባለና 16 በ2 የምትባለውን፣ በሁለት መስመር 16 16 ፊደል የምታሳይ ትንሽ ስክሪን አመጣን። ስክሪኗ ፊደላችንን አታውቅም። የራስህን ምልክት ሥለህ ማስገባት ይቻላል፤ ግን በአንድ ጊዜ ስምንት ብቻ፣ እያንዳንዱም አምስት በስምንት ነጥብ። 200 የሚያልፍ ፊደል ላለው ሰው ስምንት! ልጆቹ «ውሃ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ባዶ» ብለው ቆጠሩ። ዘጠኝ። በአንድ ፊደል አለፈ። ሁለት ረቡዕ ሙሉ ቃል ሲቀንሱ፣ ሲጨምሩ ከረሙ። በመጨረሻ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ወጥታ ጋሼን ራሳቸውን ጠየቀች። «ዳይሬክተሩ ስለ ውሃ ሲጠይቁዎት ምን ብለው ይመልሳሉ?»

«አለ እላለሁ። ትንሽ አለ እላለሁ። ወይ የለም እላለሁ።»

ቆጠረች። ሰባት ፊደል። ሮጣ ስትገባ በሩን ሳታንኳኳ ነው፤ አልተቆጣኋትም። «ሽ»ን በአምስት ነጥብ ስፋት ከ«ሸ» ለይቶ መሣል አንድ ከሰዓት ፈጀ፣ እንጂ የቀረው ቀላል ነበር። መልእክቱ በተቀየረ ቁጥር ምልክቶቹንም መቀየር እንደሚቻል ያወቅነው በኋላ ነው። ማለትም ዘጠኙም ይሠራ ነበር። ቢሆንም ማንም ወደ «ግማሽ» እንመለስ አላለም።

ሚያዝያና ግንቦትን ጋሼ መሰላል አልወጡም። ሰኔ ላይ ግን የሮቶው ውስጥ እርጥበት ሴንሰሩን ያዘው። ርካሹን ስለገዛን ውሃ አይችልም፤ ለመጪው ዓመት ውሃ የሚችለውን ጠይቀናል። የትምህርት መዝጊያው ዕለት ላየው ሄድኩ። ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል፤ ስክሪኑ «የለም» ይላል። ጋሼ ከደብተር ገጽ ቀደው፣ በእስክሪብቶ «አለ» ብለው ጽፈው ስክሪኑ ላይ ለጥፈውበታል።