ለላብራቶሪ ቡድናችን አባላት፦ ስለ ኩርኩሚኑ ሙከራ

ሰላም ጤና ይስጥልን። የእርዱን ቢጫ ቀለም፣ ኩርኩሚንን፣ በአሴቶን፣ በኤታኖልና በዳይክሎሮሜቴን አሟሙተን ምን ያህል ሳይበላሽ እንደሚቆይ ልናይ ነው።

ዳይክሎሮሜቴኑን ጠንቀቅ በሉት። የሚፈላው 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ የድሬዳዋን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ክዳኑ ትንሽ ከላላ በቃ፣ ይተናል። የቀረው ይወፍርና ስፔክትሮፎቶሜትሩ (ፈሳሹ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካው መሣሪያ) ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ኩርኩሚኑ አልበዛም፤ ፈሳሹ ነው ያለቀው። ስለዚህ እያንዳንዱን ብልቃጥ ከነክዳኑ ሲጀመርም፣ ልትለኩ ስትሉም መዝኑት። ክብደቱ ከቀነሰ የወጣውን ቁጥር እንዳለ አትመኑት።

ሌላው ብርሃን ነው። ኩርኩሚን ብርሃን ሲያገኘው ይፈርሳል፣ ቢጫውም እየደበዘዘ ይሄዳል። (ልብስ ላይ ሲሆን ግን በቀላሉ አይለቅም፤ ጋወን ልበሱ።) ከእያንዳንዱ አሟሚ አንዱን ብልቃጥ በፎይል ጠቅልላችሁ ካልተሸፈነው ጎን አስቀምጡ። ጥፋቱ የብርሃኑ ይሁን የአሟሚው የምንለየው በዚያ ነው።

ልኬቱ 425 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት አካባቢ ይሁን። ለአሴቶንና ለዳይክሎሮሜቴን የፕላስቲክ ኩቬት (ፈሳሹ ለልኬት የሚገባበት ትንሽ ዕቃ) አይሆንም፣ ይበላዋል፤ የመስታወቱን ውሰዱ። መብራት ከጠፋ ሰዓቱን መዝግቡ። የተረፈውን ዳይክሎሮሜቴን ደግሞ ሲንክ ውስጥ እንዳትደፉ፤ ለብቻው ጠርሙስ አለው፣ ከአሴቶኑ ጋርም አትቀላቅሉት።