ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር፦ የተመታችው ነርስ ለምን ብቻዋን ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች?

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ክረምት የደረሰብኝ የእኔ ብቻ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ አንድ ወጣት በመኪና አደጋ ተጎድቶ መጣ። ብዙ ደም ፈሶታል። የቻልነውን ሁሉ አደረግን፤ አልተረፈም። ተረኛው ኢንተርን፣ ማለትም የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪው፣ ወጥቶ ኮሪደር ላይ ለቆሙት ቤተሰቦቹ ነገራቸው። እኔም አጠገቡ ነበርኩ። ወንድምየው መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ፊቴን በቡጢ መታኝ። ቀጥሎ የግሉኮስ መስቀያውን ብረት አነሳ። የያዙት የሌሎች ታካሚዎች አስታማሚዎች ናቸው። ጥበቃ የደረሰው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ጥበቃዎቻችን የሚቆሙት ዋናው በር ላይ ነዋ።

የመታኝን ልጅ አልጠላውም። ሳስበው የሚያመኝ መርዶው የተነገረበት መንገድ ነው። በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን። ዘመድ አዝማድ ይሰባሰባል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ ሊነጋጋ ሲል ቤቱ ይኬዳል። ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፈው ሰው ከጎኑ አለ። እኛ ጋ ግን ገና ከትምህርት ያልወጣ ልጅ፣ እንቅልፍ ካጣ ስንት ሰዓቱ፣ ስትሬቸር በሚገፋበት መተላለፊያ ላይ በቁሙ ያረዳል። ለሐዘንተኛው አረፍ የሚልበት ወንበር እንኳ የለም። አንዲት ትንሽ ክፍል፣ አራት ወንበርና ውኃ ይህን ያህል ከባድ ነው?

ሰው የሚቆጣበት ሌላው ቦታ ትሪያጅ ነው፤ ታካሚ እንደመጣ ታይቶ ተራ የሚሰጥበት ማለት ነው። ለታካሚው እንደ ሕመሙ ክብደት ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ እንሰጣለን። ቀዩ ቀድሞ ይገባል። ይህን ግን ለአስታማሚው የሚነግረው ሰው የለም። እናቱን ይዞ ሦስት ሰዓት የጠበቀ ሰው፣ ከእሱ በኋላ የመጣው ሲገባ ሲያይ በዘመድ ወይም በገንዘብ የገባ ይመስለዋል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይመስለኝ ነበር። በዚያ ላይ «መድኃኒቱ እዚህ የለም፣ ውጭ ግዙ» እንለዋለን። በእኩለ ሌሊት! ጓንት ሳይቀር ያስገዛንበት ጊዜ አለ። ዕቃ ያላቀረበው ሌላ፣ ስድቡንና ጥፊውን የምንቀበለው እኛ።

እውነቱን ለመናገር ከእኛም ታካሚ የሚያመናጭቅ አለ። ሚኒስቴሩ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ እናፍራ ብሎ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያስተምር የቆየው ያለምክንያት አይደለም። ሥልጠናውን ወስጃለሁ፤ ጠቅሞኛልም። ግን የተመታ ሰው በማግስቱ እየተንቀጠቀጠ ርኅራኄ ከየት ያመጣል?

ከዚያ ሌሊት በኋላ የሆነውም ይኸው ነው። አለቃዬ «የተመታሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ክሰሺ» አለኝ። ጣቢያ ሄድኩ። ምስክር አምጪ ተባልኩ። ምስክሮቼ ተረኞች ናቸው። በእረፍት ቀኔ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ ሽማግሌ መጣ፤ «ሐዘንተኛ ነው፣ ማሪው ልጄ» አሉኝ። ማርኩት። አልጸጸትበትም። ሆኖም ነገሩ የትም አልተመዘገበም። በሆስፒታሉ መዝገብ ያ ሌሊት ሰላም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ከጤና ሠራተኞች ከ8 እስከ 38 በመቶ የሚሆኑት በሥራ ዘመናቸው አካላዊ ጥቃት ይደርስባቸዋል ይላል። እኛ የትኛው ጋ እንዳለን በምን እናውቃለን? መዝገቡ የታለ?

ቱርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ጋዚያንቴፕ ከተማ አንድ ወጣት ሐኪም በሞተ ታካሚ ዘመድ በስለት ተገደለ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ «ነጭ ኮድ» የሚባል አሠራር ዘረጋች። የተጠቃ ሠራተኛ 113 ይደውላል፤ ጉዳዩ ይመዘገባል፤ የጤና ሚኒስቴሩ ጠበቆችም ይዘውት ይሄዳሉ። ጥቃቱ ጨርሶ ቆመ አልልም። በ2022 ኮንያ ውስጥ የልብ ሐኪም ሆስፒታሉ ውስጥ በጥይት ተገድሏል። ቢያንስ ግን ተጠቂው ብቻውን ጣቢያ ለጣቢያ አይንከራተትም።

የምለምናችሁም ይህንኑ ነው። በሆስፒታል ውስጥ ሠራተኛ ሲመታ ከሳሹ ሆስፒታሉ ይሁን። ሽማግሌ ቢመጣም ሆስፒታሉን ያናግር፤ እኔ ቤት አይምጣ። እያንዳንዱ ጥቃት በቅጽ ይሞላ፤ ስድብና ዛቻም ሳይቀር፤ ቁጥሩም ለእናንተ ይድረስ። ከጥበቃዎቹ ሁለቱ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይቁሙ፤ የተቆጣን ሰው አነጋግሮ ማብረድም ይሠልጥኑ። ዱላ ብቻውን ነገር ያባብሳል። ትሪያጅ ላይ አስታማሚን እያናገረ፣ ተራውን እያስረዳ የሚውልና የሚያድር አንድ ሰው ይመደብልን። የመርዶ ክፍሏንም እንዳትረሱ።

ሁኔታውን የሚያይ ሰው የምትልኩልን ከሆነ ቀን፣ በጉብኝት ሰዓት አይምጣ። ቅዳሜ ሌሊት ከ6 ሰዓት በኋላ ይምጣና እስኪነጋ ከእኛ ጋር ኮሪደሩ ላይ ይቁም።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ