ስለ መኪና ማቆሚያችን

ውድ የብሎካችን ነዋሪዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የቅዳሜ ማታው ጭቅጭቅ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሰምቷል። ኮንዶሚኒየማችን ሲሠራ ለእያንዳንዱ ቤት መኪና አልታሰበም፤ ያለችንን ቦታ ተቻችለን መጠቀም ነው። ስለዚህ በድንጋይና በጀሪካን ቦታ መያዝ ይቅር። (ያነሳነው ድንጋይ ሲነጋ ተመልሶ የሚገኘው እንዴት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም!)

ከሰው መኪና ኋላ የምታቆሙ፣ ስልክ ቁጥራችሁን መስታወቱ ላይ ተዉ። መሬቱ ሜዳ በሆነበት በኩል ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁት፤ ተገፍቶ ዞር ይላል። ተዳፋቱ ጋ ግን እንዳትሞክሩት። ሌሊት ክላክስ ከማስጮህ ጥበቃውን ላኩት፣ በር ያንኳኳል።

የለቅሶ ድንኳን ሲተከል ሁላችንም መኪናችንን ወደ ውጭ እናወጣለን። እዚህ ላይ እስከዛሬ የተከራከረ የለም።