ውርንጭላዋን ይዘሽ ስትቆሚ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የላክሽልኝን የጨረታ ካታሎግ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ፤ ያንቺዋ ውርንጭላ ያለችበትን ገጽማ ደጋግሜ ነው ያየሁት። በስልክ ላነሣሽው ጥያቄ መልሴን በጽሑፍ ማድረግ መረጥሁ፤ በስልክ የተነገረ ምክር በጭንቀት ሰዓት አይታወስም፣ ወረቀቱን ግን ቀኑ ሲቃረብ ተመልሰሽ ልታነቢው ትችያለሽ። ከበጋው ወራት ጀምረሽ ያበላሻትን፣ የቦረሽሻትንና በየማለዳው ያራመድሻትን ዳማ ውርንጭላ ኮሌጅሽ በኒው ዮርክ ግዛት በሞሪስቪል በሚያካሂደው ጨረታ ላይ ራስሽ ይዘሽ መቅረብ ይገባሽ እንደሆነ፣ ወይስ ለሌላ ተማሪ አስረክበሽ ከዚያ ቀን መራቅ ይሻልሽ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ራስሽ ያዣት ብዬ ነው የምመልስልሽ፤ ይህን የምልበትን ምክንያት ሳልቸኩል ላስረዳሽ።

እኔ ያደግሁበትን አገር ታውቂዋለሽ። በእንጅባራና በዙሪያዋ ባለው የአገው ምድር ፈረስ ያርሳል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ይደርሳል፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት ፈረሶቻቸውን ሸልመው አደባባይ ሲወጡ ዓድዋ የዘመቱትን አባቶች ብቻ ሳይሆን አብረዋቸው የዘመቱትን ፈረሶች ጭምር ያስባሉ። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ ብሎ በፈረሱ ስም የሚጠራ ሕዝብ ፈረስን እንደ ተራ ዕቃ አይሸጥም፣ አይገዛምም። በእኛ ገበያ ፈረስ የሚገዛ ሰው ከሻጩ ቃል ይልቅ የራሱን ዓይንና የራሱን ጭን ያምናል፤ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ይገምታል፣ ኮቴውን አንሥቶ ይመረምራል፣ በመጨረሻም ልጓሙን ተቀብሎ ይፈናጠጥና ሶምሶማውንም ሽምጡንም ራሱ ይሞክራል። ሻጩ ያጋነነውን ሁሉ አንድ ዙር ግልቢያ ይገልጠዋል።

በሞሪስቪል የሚቀርቡት ግን ጋሪ እየጎተተ የሚወዳደረው የስታንዳርድብሬድ ዘር፣ ገና አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ የሆናቸው ውርንጭላዎች ናቸው። ጋሪ ጎትተው አያውቁም፣ በሩጫ ሜዳ ላይ ሰዓት ተይዞላቸው አያውቅም፤ ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው ዓይኑ ላላየው ሩጫ ነው። በእጁ ያለው የካታሎጉ ገጽ፣ የእንስሳት ሐኪሙ የሚያነብለት ራጅ፣ ከዚያም በፊቱ በእርምጃ የምትሄደው ውርንጭላ ብቻ ነው። እርምጃዋን የሚያሳየው ደግሞ ለኮዋን የያዘው ሰው ነው። እንግዲህ ልጄ፣ በእኛ ገበያ የግልቢያው ሙከራ የሚሠራውን ሥራ በአንቺ ጨረታ ላይ የሚሠራው የአንቺ እጅ መሆኑን ልብ በይ።

ለዚህም ነው ጨረታው በኮሌጅ በኩል መደረጉ ትልቅ ነገር ሆኖ የሚታየኝ። የውርንጭላዋ ባለቤት አርቢው ነው፤ ገንዘቡን የሚቀበለው እርሱ ስለሆነ ዋጋዋ ከፍ እንዲል መመኘቱ አያስወቅሰውም። ገዢውም በርካሽ ለማግኘት ቢመኝ ያው ነው። አንቺ ግን በመካከላቸው የቆምሽ ተማሪ ነሽ፤ 5,000 ዶላር ብትሸጥም 50,000 ዶላር ብትሸጥም ኪስሽ የሚገባ ትርፍ የለም፣ የሚጎድልብሽም የለም። በዚያ ግቢ ውስጥ ከዋጋው ነጻ ሆኖ ውርንጭላዋን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። በፈረስ ገበያ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ብታውቂ ቦታሽን ለሌላ ለመልቀቅ አታስቢም ነበር።

ስለ ካታሎጉ ገጽ ትንሽ ልበልሽ፤ ብዙ ሰው ከእንስሳዋ ይልቅ ለወረቀቱ ይሰግዳልና። በገጹ ራስ ላይ የድንጉላው ስም አለ፣ ከሥሩ እናቲቱ፣ የእናቲቱ እናት፣ የሴት አያቲቱም እናት ተዘርዝረዋል፤ ትልልቅ ውድድር ያሸነፈ ዘመድ በደማቁ ተጽፏል፣ ከስሙ ጎን ማይሉን የጨረሰበት ሰዓት ተቀምጧል። ሰዓቱ ለዚህ ዘር የተለየ ክብር አለው። ስታንዳርድብሬድ መባሉ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1879 አርቢዎች ካወጡት መለኪያ የመጣ ነው፤ በመዝገቡ ለመግባት አንድን ማይል፣ ማለትም 1,609 ሜትር ያህል፣ በ2 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ በሶምሶማ መጨረስ ዋነኛው መንገድ ነበር። ዛሬ በዚያ ሰዓት የሚጨርስ ፈረስ ከኋላ ይቀራል። ይህ ሁሉ እውነተኛ መረጃ ስለሆነ አልንቀውም፤ ነገር ግን ገጹ የሚነግረን ስለ ዘመዶቿ እንጂ ስለ እርሷ አይደለም።

የዘሩን አባት ታሪክ አስቢው። ሃምብልቶኒያን የሚባለው ድንጉላ የተወለደው እዚሁ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1849 ነው። እናቱ በጉዳት ያነከሰች ባዝራ ነበረች፤ ባለቤቱም እናቲቱን ከነውርንጭላዋ ዊልያም ራይስዳይክ ለሚባል የእርሻ ሠራተኛ በ125 ዶላር ሸጠለት። ከዚያ ውርንጭላ ከ1,300 በላይ ልጆች ተወለዱ፤ ዛሬ በአሜሪካ ጋሪ እየጎተተ የሚሮጠው የስታንዳርድብሬድ ዘር ሁሉ ማለት ይቻላል ሐረጉን ወደ እርሱ ይመዝዛል። ራይስዳይክ የሚያነብበው ደማቅ ጽሑፍ አልነበረውም፤ በፊቱ የቆመውን ውርንጭላ አይቶ ነው የወሰነው። ደግሞም በዚህ ዘር ሕግ የፈረስ ሁሉ ልደት ጃንዋሪ 1 ቀን ስለሚቆጠር፣ በጃንዋሪ የተወለደና በግንቦት የተወለደ በአንድ ዕድሜ ተቆጥረው በአንድ ጨረታ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ያንቺዋ ዘግይታ የተወለደች ናትና ከአጠገቧ ካሉት ብታንስ አትሸማቀቂባት፤ የጠየቀሽ ሰው ካለ የተወለደችበትን ቀን በግልጽ ንገሪውና የቀረውን ራሱ ይመዝን።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ተመልካቾች ከጋጣው እንድታወጪያት ሲጠይቁሽ ደልዳላ መሬት ፈልገሽ አቁሚያት፤ አራቱም እግሮቿ እንዲታዩ አድርገሽ አንቺ ከፊቷ ቁሚ፣ ሰውነትሽ ግን ደረቷንና የፊት እግሮቿን አይጋርድ። ስታራምጃት ለኮውን አላልተሽ በቀጥታ መስመር ውሰጃት፣ በቀጥታ መስመር መልሻት። ለኮው ከተወጠረ አንገቷ ይጠማዘዛል፣ አንገቷ ከተጠማዘዘ የእግሯ አጣጣል ይለወጣል። የግራ የፊት ኮቴዋ ትንሽ ወደ ውስጥ እንደሚያይ አጫውተሽኛል። አንዳንድ ፈረስ አቅራቢ እንዲህ ያለውን ጉድለት ለመሸፈን በረጅም ሣር ላይ ያቆማል፣ ወይም ፈጠን አድርጎ ያዞራል። አንቺ ይህን አታድርጊ። የሚያውቅ ገዢ ያየዋል፣ የማያውቀው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሐቀኛ ሰው የሚያስፈልገው እርሱ ነው።

ስለ ራጁም እንዲሁ። በፍጥነት በሚያድጉ ውርንጭላዎች መገጣጠሚያ ውስጥ ከአጥንቱ የሚላቀቅ የልም አጥንት ቁራጭ መገኘቱ በዚህ ዘር የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይወጣና እንስሳው በደኅና ይሮጣል። ገዢው የሚከፋው ችግሩ በመኖሩ ሳይሆን ከገዛ በኋላ በማወቁ ነው። እንጨት እየነከሱ አየር የመሳብ አመል፣ የዓይን ጉድለት፣ እንዲህ ያለው ሁሉ ከጨረታው በፊት መነገር አለበት፤ ካየሽ ለመምህርሽ አሳውቂ፣ ገዢ የማታውቂውን ጠይቆሽ እንደሆነም አላውቅም በዪና ወደ ሐኪሙ ምሪው።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ለጨረታ ተብሎ ውርንጭላን ማወፈር በብዙ ቦታ የሚታይ ክፉ ልማድ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ጠጉርና ድፍን ያለ ሰውነት ዓይን ይስባልና። ነገር ግን ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው ገና ባልጠነከረ አጥንትና መገጣጠሚያ ላይ ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ደግሞ ልምምድ ስትጀምር እርሷው ናት። ጠጉሯ በቡርሽና በክንድሽ ጉልበት ይጥራ፣ ጡንቻዋ በእርምጃ ይምጣ፤ እህሏን ከመምህራንሽ መመሪያ ውጭ አንድ ጣሳ እንኳ አትጨምሪባት።

የሐራጁ መድረክ ላይ የምትቆይበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሐራጅ ሻጩ ያለ ማቋረጥ ዋጋ እየጠራ ይጮኻል፣ ረዳቶቹ ከተጫራቾች መካከል ምልክት ባዩ ቁጥር ድምፃቸውን ያሰማሉ፣ ድምፅ ማጉያው ያስተጋባል። ፈረስን ያልለመደው ድምፅም የያዘው ሰው ጭንቀትም ያስደነግጠዋል፤ ስለዚህ ከአሁኑ ጀምረሽ በጋጣው አጠገብ ሬዲዮ ክፈቺላት፣ በዚያን ዕለት ደግሞ ዋጋውን ለማድመጥ አትሞክሪ፣ ጆሮሽና ዓይንሽ ከእርሷ ጋር ይሁን። ዋጋው ባለቤቱ ከቆረጠው ዝቅ ብሎ ቢቀር ወደ አርቢው ትመለሳለች፤ መዶሻው ከወደቀ ግን በዚያች ቅጽበት የገዢው ንብረት ናት፣ አንቺም የሰው አደራ ይዘሽ እንደቆምሽ ቁጠሪው።

ከዚያ ወዴት ትሄዳለች ብለሽ እንደምታዝኚ አውቃለሁ። ባሳደጉት እንስሳ ማዘን ያለ ነው፣ አልከለክልሽም። ነገር ግን ውርንጭላዋ የተወለደችው ለሥራ ነው። አባቷ በኒው ዮርክ የሚገኝ ድንጉላ ስለሆነ ግዛቲቱ ለራሷ ድንጉላዎች ልጆች ባዘጋጀችው ውድድር በሁለትና በሦስት ዓመቷ ለመሮጥ መብት አላት፤ ሩቅ ሳትሄድ ቨርኖን ዳውንስ በሚባለው የሩጫ ሜዳ ልታያት ትችያለሽ። በቅርቡ ጋሪ ትለምዳለች፣ ክረምቱን ቀስ በቀስ ትለማመዳለች፣ ከተሳካላት በሚቀጥለው በጋ ትወዳደራለች። አያትሽ የሚቀመጡባት ሰጋር በቅሎ ስትሄድ አላየሽም እንጂ፣ የአንድ ወገን እግሮቻቸውን አብረው እያነሡ የሚስግሩትን የዚህን ዘር ፈረሶች መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ አካሄዱ እንግዳ አልሆነብኝም። የእነዚህን እግሮች ምቱ እንዳይፋለስ አብዛኛውን ጊዜ በጠፍር ያጣምሯቸዋል፤ በሶምሶማ የሚሮጡት ግን ብዙዎቹ ያለ ጠፍር ነው። ያንቺዋ የሶምሶማ ዘር ናት፤ ወደ ሽምጥ ግልቢያ ካለፈች ነጂው ገትቶ ወደ ሶምሶማዋ መመለስ አለበትና ትዕግሥት ያለው ሰው ያስፈልጋታል።

ሁሉም እንደማይሳካለት ግን አልደብቅሽም። ብዙዎቹ ታላቅ ውድድር አያሸንፉም፤ ከሩጫ ሲወጡ አንዳንዶቹ መኪና ትተው በፈረስ ጋሪ የሚጓዙትን የአሚሽ ሃይማኖታዊ ማኅበረሰብ ሰዎች ጋሪ ይጎትታሉ፣ አንዳንዶቹ ለኮርቻ ይሠለጥናሉ፣ ያልታደሉት ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ እያለፉ ጠያቂ ያጣሉ። የዚህን ዘር ፈረሶች በሚመዘግበው በዩናይትድ ስቴትስ ትሮቲንግ አሶሲዬሽን ዘንድ ፉል ሰርክል የሚባል መዝገብ አለ፤ ፈረሱ አንድ ቀን መጠጊያ ቢያጣ እንዲነገረው የሚፈልግ ሰው ስሙን የሚያኖርበት ነው። የማይክሮቺፕ ቁጥሯንና የመዝገብ ስሟን ጽፈሽ ያዢ፣ ስምሽን ለማስገባት ምን እንደሚጠይቁ ከመምህርሽ ጋር ሆነሽ አጣሪ። ያ ቀን ቢመጣ ወጪውን እኔና እናትሽ ተካፍለን እንችላለን፤ ተነጋግረንበታል።

አሁን አንድ ሥራ ልስጥሽ። ከጨረታው በፊት ባለው ሳምንት ስለ ውርንጭላዋ የምታውቂውን ሁሉ በአንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፊ፤ ስንት ጊዜ እንደምትበላ፣ ድርቆሹን እንዴት እንደለመደች፣ ግራ ጆሮዋን ሲነኳት እንደማትወድ፣ ወደ መጓጓዣ መኪና ስትገባ ከፊቷ የሚቀድም ሌላ ፈረስ እንደምትፈልግ፣ ኮቴዋን ለማንሣት ከየትኛው እግር እንደምትጀምሪ። ካታሎጉም ራጁም ይህን አይዙም። ገዢው ወረቀቱን ፈርሞ ሊረከብሽ ሲመጣ ሰላምታ ሰጥተሽ ገጹን በእጁ አስጨብጪው፤ የሚጠይቅሽ ካለውም ቆመሽ መልሺለት። እንደጨረስሽ ደውዪልኝ፣ ስልኬን ከእጄ አልለይም።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፣ እናትሽም ሰላም ትልሻለች።

አባትሽ