የድራማና ሚኒ ሚዲያ ክበብ፦ «አቁሙ!» የተባለበት ዓመት

የክበብ ዘገባ ብዙ ጊዜ «በበጀት ዓመቱ የሚከተሉት ተግባራት ተከናውነዋል» ብሎ ነው የሚጀምረው። አምና እኔም እንደዚያ ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላነበበውም። ዘንድሮ ግን የማወራው አለኝ።

መስከረም ላይ 23 ልጆች ተመዘገቡ። አንዷ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ስሟን አልጽፍም፣ ግቢው ሁሉ ያውቃታል። ፎርሙ ላይ «የምትሳተፍበት ዘርፍ» የሚል ቦታ አለ። ግጥም፣ ውዝዋዜ፣ ትወና፣ ዘፈን ብላ ሞላች፤ ቦታው ሲያልቅባት ወረቀቱን ገልብጣ «ከበሮም» ብላ ጨመረችበት። አንዱን ምረጪ አልኳት። ልማድ ነው፣ አስተማሪ ነኝ። «ለምን ቲቸር?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

መልሱን ኅዳር ላይ ራሷ ይዛው መጣች። በጠዋት ሰልፍ የሚኒ ሚዲያ ተራዋ ደርሶ ስለ ሚርያም ማኬባ አቀረበች። ደቡብ አፍሪካዊቷ ማኬባ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ ዘፍናለች። በዚያው ክረምት ደግሞ ኒውዮርክ ሄዳ የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ፊት ስለ አፓርታይድ ተናገረች። የአገሯ መንግሥት ዜግነቷን ነጠቃት፣ ሸክላዎቿን አገደ፤ አገሯን መልሳ ያየችው በ1982 ዓ.ም. ነው። ልጅቷ እዚህ ላይ ስትደርስ መብራት ሄደ። ድምፅ ማጉያው ጸጥ። እሷ ግን በጭብጨባ ምት ያዘችና ቀጠለች፤ ከፊት ያሉት 9ኛ ክፍሎች ተከተሏት፣ ከኋላ ያለው ሰልፍ ደግሞ አንድም ቃል ሳይሰማ አብሮ ያጨበጭባል።

ከዚያ ወዲህ «አንዱን ምረጪ» ማለት ትቻለሁ።

ዋናው ሥራችን የመጣው ለየካቲት 29፣ ለሴቶች ቀን፣ ድራማ አዘጋጁ ስንባል ነው። የትምህርት ቤት ድራማ መቼም ታውቃላችሁ። አንድ ባለጌ ልጅ አለ። አንድ ሽማግሌ የጥጥ ጢም ለጥፈው ይገባሉ፣ ይመክራሉ፣ ባለጌው ይጸጸታል፣ ጭብጨባ። እንዲህ ያለውን እኔ ራሴ ስንቴ ጽፌያለሁ። ሽማግሌው ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተመልካቹ ወሬውን ይጀምራል።

ልጆቹ የመረጡት ጉዳይ ለከፋ ነበር። እዚህ ሐዋሳ ሴቶቹ ከታቦር ተራራ ሥርም ይምጡ ከሐይቁ ዳር ከአሞራ ገደል በኩል፣ ትምህርት ቤት እስኪደርሱ የሚሰሙትን እንዲጽፉ አንድ ወረቀት አዞርን። በሁለት ቀን ሞልቶ ተመለሰ። እዚህ መጽሔት ላይ የሚወጣ አይደለም።

ስለዚህ ሽማግሌውን አስቀረናቸው። በምትካቸው ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል የጀመረውን ፎረም ቲያትር ሞከርን። ችግሩ ሳይፈታ ጨዋታው ያልቃል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል፤ በዚህኛው ዙር ግን ከተመልካች የፈለገ ሰው «አቁሙ!» ብሎ ይወጣና የተበዳዩን ቦታ ወስዶ ራሱ ይሞክረዋል። ተዋንያኑ በቀላሉ አይለቁትም። ቦአል በ1985 ዓ.ም. የሪዮ ዴ ጄኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመርጦ ነበር፤ ከእንዲህ ዓይነት መድረኮች የተነሣ ሐሳብ ይዞ 13 ሕግ አስጸድቋል። እኛ ምንም ሕግ አላስጸደቅንም።

ዴስኮች ገጥመን ዛፍ ሥር መድረክ ሠራን። የ10ኛ ክፍሏ ልጅ ቦርሳዋን ይዛ ትሄዳለች፣ ሦስት ወንዶች ዴስክ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ለከፏት። ዝም ብላ አለፈች። ተከተሏት። አለቀ።

ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ የ12ኛ ክፍል ወንድ «አቁሙ!» ብሎ እየሳቀ ወጣ። ነጠላዋን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ፣ ቦርሳዋን አነገተ፣ ጓደኞቹ ያፏጫሉ። «እኔ ብሆን አንድ ቃል እላቸውና አበቃ» ሲል ነበር ሳምንቱን ሙሉ። ሄደ። ሦስቱ ተነሡ። አንዱ ከፊቱ ቆመ፣ አንዱ የቦርሳውን ማንገቻ ያዘ፣ ሦስተኛው ከወረቀቱ ላይ አንዱን ዓረፍተ ነገር ጆሮው ሥር አለው። ልጁ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ዞሮ እኔን አየኝ። 30 ሰከንድ ቢሆን ነው፣ ግን ረዘመብኝ። ከዚያ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ አለፈ። ልክ እንደሷ።

ማንም አልሳቀም።

ከሱ በኋላ ስድስት ሰው ወጣ። አንዷ ጮኸች፣ አንዷ ሮጠች፣ አንዱ ደግሞ በሲዳሙ አፎ «ለእናታችሁ እናገራለሁ» ብሎ ሲያስፈራራቸው ግቢው በሳቅ ፈረሰ። የበር ጥበቃው ጋሼም ወጡ። የልጅቷን ቦታ ነው የሚይዙት ብዬ ደንቡን አስረዳኋቸው፣ አልሰሙኝም። ሄደው ከሦስቱ ጎን ዴስኩ ላይ ተቀመጡ። «እኔ ሁሌም እዚህ ነኝ» አሉ። «እያየሁ ነው ዝም የምለው።» በደንቡ ትክክል አይደለም። ከዚያ ቀን አልረሳ ያለኝ ግን እሱ ነው።

ለከፋው ቀረ ወይ? አልቀረም። በማግስቱም ነበር። የተለወጠው ጋሼ ጠዋት ጠዋት ወንበራቸውን ከበሩ ውስጥ አውጥተው ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጥግ ድረስ መውሰዳቸው ነው። ማንም አላዘዛቸውም።

የቀረውን ቶሎ ልጨርስ። የግጥም ምሽታችን በዝናብ ተሰረዘ። ሰባት ልጆች ወጡ፣ አሥራ ሁለት ገቡ፤ የ12ኛ ክፍሉ ልጅም ከገቡት ውስጥ ነው። የከበሮው ቆዳ ተቀዷል፣ እስካሁን በጀሪካን ነው የምንሠራው፤ ቤቱ ከበሮ ያለው ለመስከረም ቢያውሰን ደስ ይለናል። የጥጥ ጢም ግን አለን፣ ሁለት። የፈለገ መጥቶ ይውሰድ።