አፕሊኬሽን ከአንድ ዴስክቶፕ ጋር አይታሰር

ለአዘጋጁ፦

ስለ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ሳይነሳ ቀርቷል። ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደ ግኖም፣ ኬዲኢና ኤክስኤፍሲኢ ያሉ የተለያዩ ዴስክቶፖች አሉት፤ ዴስክቶፕ የምለው ሜኑውንና መስኮቶቹን የሚያሳየውን ፕሮግራም ነው። እዚያ ላይ የሚሠሩ ብዙ አፕሊኬሽኖች ግን ለአንድ ዴስክቶፕ ብቻ ተብለው እየተሠሩ ነው። ይሄ ደግሞ እኛ ጋ ኪስ ይነካል።

ድሬዳዋ ከዚራ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የሚመጣልኝ ላፕቶፕ አብዛኛው ያገለገለ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት ከሞላ ጥሩ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ላይ ኤክስኤፍሲኢ እጭናለሁ፤ ቀላል ነው፣ ማሽኑን አያጨናንቀውም። ባለቤቱ ታዲያ አንዲት ትንሽ የማስታወሻ አፕ ጨምርልኝ ይላል። ፍላትፓክ በሚባለው የአፕ መጫኛ ዘዴ ልጫናት ስል አፗ ራሷ ጥቂት ሜጋባይት ናት። አብሯት ካልወረደ የማትሠራበት የግኖም ወይም የኬዲኢ መሠረት ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። የሰውዬው የኢንተርኔት ፓኬጅ እዚያው ያልቃል። ሌላዋ አፕ የዚያኑ መሠረት የተለየ ቨርዥን ከጠየቀች ደግሞ እንደገና ማውረድ ነው።

ተጭኖም አያበቃም። ሊብአድዋይታ በሚባለው የግኖም መልክ መሥሪያ ለግኖም የተሠራ አፕ ባለቤቱ ለማሽኑ የመረጠውን ቴም (የቀለምና የመልክ ምርጫ) አይከተልም። ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ከሰዓቱ አጠገብ በምትቀመጥ አይከን የሚተማመን አፕ ግኖም ላይ ሲከፈት፣ ኤክስቴንሽን ካልተጨመረ አይከኗ አትታይም። መስኮቱ ሲዘጋ ፕሮግራሙ ከጀርባ ይሠራል፤ ሰውዬው የት እንደገባበት አያውቅም።

ኬዲኢ በ1996፣ ግኖም በ1997 እ.ኤ.አ. ተጀመሩ። ኬዲኢ የተሠራበት ኪውቲ የሚባለው የመስኮትና የቁልፍ መሥሪያ ያኔ ማንም ኮዱን ቀይሮ እንዲያከፋፍል የሚያስችል ነፃ ፈቃድ አልነበረውም፤ ግኖም የተጀመረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ2000 ግን ኪውቲ ጂፒኤል በሚባለው ነፃ ፈቃድ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ፍሪዴስክቶፕ የሚባለው ፕሮጀክት ተቋቁሞ የጋራ ደንብ ማውጣት ጀመረ። ዛሬ አንድ አፕ ስሙንና አይከኑን የያዘች አጭር የጽሑፍ ፋይል ይዞ ይመጣል፤ ግኖምም ሆነ ኬዲኢ ወይም ኤክስኤፍሲኢ አንብበው ሜኑ ውስጥ ያስገቡታል። መስማማት ይቻላል ማለት ነው!

ቶረንት (ሰዎች እርስ በርስ የሚጋሩትን ፋይል) የሚያወርደውን ትራንስሚሽን የተባለ አፕ ተመልከቱ። ሥራውን የሚሠራው ክፍል ለብቻው ተቀምጧል። ተጠቃሚው የሚያየው ፊቱ ግን ግኖም በሚሠራበት በጂቲኬም፣ በኪውቲም፣ በብራውዘርም አለ። ሊብሬኦፊስም እንዲሁ ባለበት ዴስክቶፕ መልክ ይከፈታል።

አብዛኞቹ እነዚህን አፖች የሚሠሩት ሰዎች በትርፍ ሰዓታቸው፣ ያለ ክፍያ መሆኑን አውቃለሁ። ሁሉንም ዴስክቶፕ ፈትሹ ማለት ይከብዳል። የዴስክቶፑ ሴቲንግ የራሱ ብቻ ቢሆንም አልከራከርም። ካልኩሌተርና ማስታወሻ ግን ለምን?

እዚሁ ከተማችን ኮድ መጻፍ የጀመራችሁ ልጆች አደራ። ሥራውንና ፊቱን ከመጀመሪያው ለዩ። አፑን ከመልቀቃችሁ በፊትም እናንተ ከምትጠቀሙበት ሌላ ዴስክቶፕ ላይ አንዴ ክፈቱት። የሚሰበር ነገር ካለ ያኔውኑ ታዩታላችሁ።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ