ከመርከቡ በኋላ ያለው ታሪክ

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለፈው ከአሜሪካዋ ከቻርለስተን ወደብ ደውለህ ስለ ሮበርት ስሞልስ ስታጫውተኝ የነገርኸኝ ስለ መርከቧ ነበር፤ በግንቦት 1862 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ) በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በባርነት ሳለ «ፕላንተር» የተባለችውን፣ ባርነትን ለማቆየት ይዋጉ የነበሩትን የደቡቦቹን መርከብ ከነቤተሰቡ ይዞ፣ በምሽጎቹ ፊት አልፎ ለሰሜኑ ባሕር ኃይል ማስረከቡን። እኔ ግን ዕድሜዬን በሱቅ የጨረስሁ አባትህ ስለሆንሁ፣ ልቤን ይበልጥ የሚነካው ከጦርነቱ በኋላ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በትውልድ ከተማው በቢውፈርት የሠራው ሥራ ነው።

በ1839 የተወለደው በፕሪንስ ጎዳና ከጌታው ቤት ጓሮ በነበረች ጎጆ ነው። በጦርነቱ ዘመን ያ ቤት ግብሩ ሳይከፈል ቀርቶ መንግሥት በሐራጅ ሲያወጣው ስሞልስ ገዛው። ግዢውን ለማፍረስ የተነሣው ክርክር እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1878 ለእርሱ ተፈረደለት። እናቱ በአገልጋይነት የደከመችበትን ቤት በሕግ የራሱ ማድረጉን ሳስበው ሁልጊዜ እደነቃለሁ።

ጦርነቱ እንዳበቃም ሪቻርድ ግሊቭስ ከሚባል ሰው ጋር ተሻርኮ፣ ከባርነት ለወጡት ወገኖቹ የሚያስፈልገውን የሚሸጥ ሱቅ ከፈተ። በ1867 ደግሞ ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት የሚሆን ቤት ገዛ። በ1834 የወጣው የሳውዝ ካሮላይና ሕግ ለባሪያ ንባብ ማስተማርን ይከለክል ስለ ነበር፣ እርሱም ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። በ1868 ለግዛቲቱ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ተመርጦ በሄደ ጊዜ፣ ትምህርት ለሁሉም ልጆች ነፃና ግዴታ እንዲሆን የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። ይህን ሐሳብ ያጠነከረለት ሱቁ ይመስለኛል፤ የዱቤ መዝገብ የያዘ ሰው፣ በስሙ የተጻፈበትን ዕዳ ማንበብ የማይችል ደንበኛ እንዴት እንደሚያፍር በየዕለቱ ያያልና።

በዚያው ዓመት ወደ ግዛቲቱ የተወካዮች ምክር ቤት ገባ፤ በ1870 ወደ ሴኔቱ አለፈ፤ ኋላም በዋሽንግተን ኮንግረስ ተቀምጧል። አንድ ነገር አልሰውርህም፦ ተቃዋሚዎቹ የግዛቲቱን ሥልጣን መልሰው በያዙበት በ1877፣ ቀድሞ በግዛቲቱ ሴኔት ሳለ ጉቦ ተቀብሏል ተብሎ ተፈርዶበት፣ በ1879 በአገረ ገዢው ምሕረት ተደርጎለታል። እኔ ክሱን የማየው የጥቁሮችን ድምፅ ለማጥፋት ከተደረገው ዘመቻ ጋር አያይዤ ነው፤ አንተ ግን መዛግብቱን ራስህ መርምር።

በ1895 የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚያሳጣው የግዛቲቱ አዲስ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ፣ በጉባኤው ከነበሩት ስድስት ጥቁሮች አንዱ እርሱ ነበር። ተከራከረ፤ ተሸነፈም፤ ነገር ግን ፊርማውን አላኖረም።

ቢውፈርት ከአንተ ሩቅ አይደለችምና በዕረፍትህ ቀን ሂድ። ቤቱ ዛሬም ቆሟል፤ ከመንገዱ ሆነህ በደንብ ተመልከተውና ያየኸውን ጻፍልኝ፤ ለእናትህ አነብላታለሁ።

አባትህ